የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ በራሪ ጀልባዎችና የሰሜን ካናዳ ካርታ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ የሰሜኗን ካርታ ያነሳችው ውሃ ላይ በሚያርፉ አውሮፕላኖች ነው ብላችኋል። ለምን በጎማ አልሆነም?

መልስ፦ ማረፊያ ሜዳ ስላልነበረ ነው። የካናዳ ግዛቶች የሆኑት ማኒቶባና ሳስካችዋን ሰሜናቸው ግን ሐይቅ በሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1924 የካናዳ አየር ኃይል ቪከርስ ቫይኪንግ የተባለው በራሪ ጀልባ፣ ማለትም አካሉ እንደ ጀልባ ሆኖ ውሃ ላይ የሚያርፍ አውሮፕላን፣ ወደ ሬንዲር ሐይቅ አካባቢ ዘልቆ ፎቶ ያነሳው በዚህ ምክንያት ነው። የቫይኪንግም ሆነ በኋላ የመጣው ቬዴት የተባለው በራሪ ጀልባ ሞተር ደግሞ ከሠራተኞቹ በስተኋላ ነው። አፍንጫው ላይ ለተቀመጠው ፎቶ አንሺ ፊቱን የሚጋርድ ፕሮፔለር የለም፤ የሞተር ዘይትም ሌንሱን አያቆሽሽም። ለዚህ ሥራ ትልቅ ጸጋ ነበር።

ጥያቄ፦ በሰያፍ፣ ማለትም ካሜራው ቁልቁል ሳይሆን አዘንብሎ በተነሳ ፎቶ ላይ ሩቁ ነገር ያንሳል። ታዲያ እንዴት ይለካል?

መልስ፦ ቁልቁል ማንሳት ለልኬት ይቀላል፤ ፊልሙ ግን አይበቃም። የትኩረት ርቀቱ 20 ሳ.ሜ. የሆነ ሌንስ ከ1,500 ሜትር ከፍታ ሲያነሳ መስፈርቱ (በፎቶው ላይ ያለው ርዝመት ከመሬቱ ጋር ሲነጻጸር) 1፡7,500 ነው፤ 18 ሳ.ሜ. ስፋት ያለው ፎቶ የሚይዘው 1,350 ሜትር መሬት ብቻ ነው። ስለዚህ ወደ ፊት፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሦስት ሰያፍ ፎቶዎች ጠርዛቸው እየተደራረበ ይነሳሉ፤ አድማሱ በእያንዳንዱ ላይ መታየት አለበት። ቢሮ ውስጥ ለዚያ ከፍታና ለዚያ ሌንስ የተሠራ፣ ወደ ሩቅ እየጠበበ የሚሄድ የመስመር መረብ በአድማሱ ልክ ፎቶው ላይ ይጣላል። የመረቡ እያንዳንዱ ዓይን ወረቀት ላይ እኩል ካሬ ስለሆነ፣ ነዳፊው የሐይቁን ዳርቻ ካሬ በካሬ ይገለብጣል። የሰደድ እሳት ጭስ አድማሱን ከሸፈነ መረቡ የሚያርፍበት የለም፤ ፎቶው ለልኬት አይሆንም።

ዘዴው የሚሠራው ለጥ ባለ አገር ብቻ ነው። ከ1,500 ሜትር ከፍታ ሲታይ፣ 4 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለ የ100 ሜትር ኮረብታ ጫፍ ካርታው ላይ 290 ሜትር ያህል ርቆ ይወድቃል። ቀያሾች ከዋክብትን አይተው ቦታቸውን ያረጋገጧቸው ነጥቦች ከሌሉም የፎቶዎቹ ሰንሰለት እየረዘመ ሲሄድ ስህተቱ ይጠራቀማል።

ጥያቄ፦ ለአብራሪው የሚያስቸግረው ማዕበሉ ነው?

መልስ፦ ማዕበል ብቻ አይደለም፤ እንደ መስታወት የረጋ ውሃም ክፉ ነው። ለመነሳት ሲሞክር ውሃው የጀልባውን ሆድ ይዞ አይለቅም፤ አብራሪው መጀመሪያ ዞሮ ራሱ ሞገድ ይፈጥርና በዚያ ላይ ይሮጣል። ሲያርፍ ደግሞ ከፍታውን በዓይኑ መገመት ስለማይችል ወደ ዳርቻው ተጠግቶ ዛፎቹን እያየ ይወርዳል። የእንጨቱ አካል ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድም የሚጭነው ነዳጅ መቀነስ ነበረበት።