ከራጁ በፊት ሸክሙን ጠይቁ
(ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ሥልጠና የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ እንደምን አደራችሁ።

ቤት ለቤት ስትዞሩ «ወገቤን ቆረጠኝ» የማትል እናት ብርቅ እንደሆነች ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። መልሳችን ብዙ ጊዜ ወይ ማስታገሻ ነው፣ ወይ «ከተማ ሂጂና ራጅ ተነሺ» ነው። እኔ የመጣሁት ከሁለቱም በፊት «እህቴ፣ ምን ትሸከሚያለሽ? እንዴትስ ታነሺዋለሽ?» ብላችሁ እንድትጠይቁ ልለምናችሁ ነው።

በጀርመን ኡልም ከተማ ተመራማሪዎች በአንድ ጤነኛ ፈቃደኛ ሰው የወገብ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ ያለው ክፍል) ውስጥ የግፊት መለኪያ አስገብተው ነበር፤ ውጤቱ በ1999 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ሰውየው ሲተኛ 0.1 ሜጋፓስካል (የግፊት መለኪያ አሃድ ነው)፣ ሲቆም 0.5 ተለካ። 20 ኪሎ ዕቃ ጀርባውን አጉብጦ ሲያነሳ ግን 2.3 ደረሰ፤ በመኪና ጎማ ውስጥ ያለውን ግፊት አስር እጥፍ ያህል ማለት ነው። ጉልበቱን አጥፎ ሲያነሳ 1.7 ሆነ። ቆሞ ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሲይዘው 1.1፣ ያንኑ ዕቃ 60 ሳንቲሜትር አርቆ ሲይዘው 1.8። ሸክሙ ከሰውነት በራቀ ቁጥር የጀርባ ጡንቻ ወደ ፊት እንዳንደፋ አብዝቶ ይጎትታል፤ ዲስኩን የሚጨምቀው በአብዛኛው ይኸው ጉተታ ነው። በአንድ ሰው ላይ የተለካ ስለሆነ እንደ ወንጌል አልይዘውም። ሆኖም 20 ሊትር ውኃ 20 ኪሎ መሆኑን አስቡት።

ውኃው የአንድ ሰዓት መንገድ ለሚርቃት ሴት «ግማሽ ቅጂ» ማለት ቀልድ ነው። የሚቻለውን እንንገራት። ጀሪካኑን ከመሬት ሳይሆን ወገቧ አካባቢ ከሚደርስ ድንጋይ ላይ ትጫነው፤ ጓደኛዋ ትደግፍላት፤ ገመዱ ጠበቅ ብሎ ጀሪካኑ ጀርባዋ ላይ ይለጠፍ። ምንጭ ሲጎለብት እንዲህ ያለ ማሳረፊያ እንዲሠራ ቀበሌውን ብትወተውቱ ከአንድ ካርቶን ኪኒን ይሻላል ባይ ነኝ።

ራጅ ሕመምን አያሳይም። በማግኔት የውስጥ አካልን ምስል የሚያነሳው ኤምአርአይም ቢሆን እንዲሁ ነው። ሕመም የሌላቸውን ከ3,000 በላይ ሰዎች ምስል ያሰባሰበ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት፣ ከ20 ዓመት ወጣቶች 37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንቶች ደግሞ 96 በመቶው ያረጀ ዲስክ እንዳላቸው አሳይቷል። «ዲስክሽ ተንሸራቷል» የተባለች ሴት ግን መጎንበስ ትፈራለች፤ ትተኛለች፤ ጡንቻዋ ይሰንፋል፤ ሕመሙም ይብስባታል።

እንዲህ ስል ሁሉንም በምክር ሸኙ ማለቴ አይደለም። የማታ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብና ክብደት መቀነስ ካለ፣ ወይም አከርካሪው ላይ ጉብ ያለ ነገር ከታየ፣ የአከርካሪ ቲቢን ጠርጥሩ፤ ወጌሻ እንዳያሸው ንገሯቸው፣ ወደ ጤና ጣቢያም ላኩ። ሽንት መያዝ ወይም መሽናት ካቃታት፣ መቀመጫዋ አካባቢ ከደነዘዘ፣ እግሯ እየከዳት ከመጣ ግን ነገ አይባልም፣ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትድረስ።

አሁን በሩ አጠገብ ውኃ የሞሉ ጀሪካኖች አሉ። ሁለት ሁለት ሁኑና አንዳችሁ አንሱ፣ ሌላችሁ ጀሪካኑ ከሆዷ ምን ያህል እንደራቀ ተመልከቱ።