«ተሻለው» በምንልበት ሰሞን

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ መምህራን፣ ይልቁንም እናንተ ወጣቶች፤

በበዓል ዋዜማ፣ ገበያው በተጧጧፈበት ሰዓት ሥራችሁን ትታችሁ ፒያሳ ድረስ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ራስን ማጥፋትን የመከላከል ዓለም አቀፍ ቀን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2003 ጀምሮ በየዓመቱ ሴፕቴምበር 10 ይታሰባል፤ በእኛ ጳጉሜን 5 ማለት ነው። ነገ እንቁጣጣሽ ነው። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ቤቱ ይሞላል። በዚያ በሞላ ቤት ውስጥ ግን ከክፍሉ መውጣት ያቃተው ልጅ ይኖር ይሆናል። የመጣሁት ስለ እሱ ልናገር ነው።

የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። እዚሁ መሐል ከተማ፣ ድባቴና ባይፖላር፣ ማለትም ስሜት ከድባቴ ወደ ልክ ያለፈ መቅበጥበጥ የሚዋዥቅበት ሕመም፣ ያለባቸውን ወጣቶች በተመላላሽ ሕክምና ስከታተል ዓመታት አልፈዋል። በዓለም ጤና ድርጅት መረጃ መሠረት በየዓመቱ ከ720 ሺህ በላይ ሰዎች ራሳቸውን በማጥፋት ይሞታሉ፤ ከ15 እስከ 29 ዓመት ባሉት ዘንድ ሦስተኛው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። ባይፖላር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ልጁ ለፈተና፣ ለዩኒቨርሲቲ ወይም ለመጀመሪያ ሥራው በሚሰናዳበት ዕድሜ። ስለዚህ ቤተሰብ ሕመሙን አያየውም። የሚታየው ስንፍና ወይም ጥጋብ ነው። «ምን ጎደለበት?» ይባላል።

ዛሬ አጥብቄ ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው። አደጋው ሁልጊዜ እኩል አይደለም፤ የሚከፋበት ሰሞን አለው። ያም ሰሞን ብዙ ጊዜ እኛ «ተመስገን፣ ተሻለው» ብለን የምንዘናጋበት ነው።

አንዲት እናት አንድ ቀን ብቻቸውን ወደ ክፍላችን መጡ። የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው የልጃቸውን የቀጠሮ ካርድ አወጡና ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ልጁ መብላት ጀምሯል፤ በዋዜማው ከወንድሞቹ ጋር ኳስ ተጫውቷል። «ድኖልኛል፤ ቀጠሮውን ለባሰበት ሰው ስጡልኝ» አሉ። ቅንነታቸው እስከ ዛሬ ከልቤ አይወጣም። መድኃኒቱ የት እንደሚቀመጥ ጠየቅኋቸው። «እሱው ክፍል ነው፤ ትልቅ ልጅ አይደል?» አሉ። የሁለት ወር መድኃኒት በአንድ ፌስታል፣ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጧል። በማግስቱ ልጁን ይዘው መጡ፤ ፌስታሉ እናት ጋ በተቆለፈ ሳጥን እንዲቀመጥና የዕለቱ ብቻ እንዲሰጠው ተስማማን። የሚገርመው፣ ልጁ ራሱ እፎይ አለ። ቀጠሮውም አልተሰረዘም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ድባቴ መልቀቅ ሲጀምር ጉልበት ብዙ ጊዜ ቀድሞ ይመለሳል፤ ተስፋ መቁረጡ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። በባይፖላር ደግሞ ኀዘኑና መቅበጥበጡ በአንድነት የሚመጡበት ጊዜ አለ፤ እንቅልፍ የለም፣ ሐሳብ ይሮጣል፣ ሐሳቡም ጨለማ ነው። እንዲህ ያለውን ልጅ አንድ ሌሊት እንኳን ብቻውን አትተዉት። ከሆስፒታል በወጣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትም ስጋቱ ከፍ ይላል፤ ዘመድ ጠይቆ ተመልሷል፣ ሁሉም ወደ ሥራው ገብቷል፣ እሱ ግን ገና በግማሽ መንገድ ላይ ነው። ከዚህ ቀደም ሞክሮ የተረፈ ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

መድኃኒት ራሱ ስጋት ያመጣል ሲባል የሰማችሁ ትኖራላችሁ። ሳልሸሽግ ልመልስ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ስለ ፀረ ድባቴ መድኃኒቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 በልጆችና በታዳጊዎች ላይ፣ በ2007 ደግሞ እስከ 24 ዓመት ባሉ ወጣቶች ላይ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በልጆችና በታዳጊዎች ላይ በተደረጉት ሙከራዎች ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም አድራጎት የፀረ ድባቴ መድኃኒት ከወሰዱት 4 በመቶ፣ መድኃኒትነት የሌለው እንክብል ከወሰዱት 2 በመቶ ገደማ ላይ ታይቷል፤ በእነዚያ ሙከራዎች ራሱን ያጠፋ አልነበረም። ይህ ማስጠንቀቂያ መድኃኒቱን ጣሉት አይልም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና መጠኑ በተለወጠ ቁጥር ልጁን በቅርብ ተከታተሉት ይላል። ለባይፖላር የሚሰጠው ሊቲየም ራስን የማጥፋትን አደጋ እንደሚቀንስ ለረጅም ዓመታት የተሰበሰበ ማስረጃ አለ፤ በድንገት ሲቋረጥ ግን ሕመሙም አደጋውም ይመለሳሉ። በራስ ፈቃድ ማቆም ያስፈራኛል የምለው ለዚህ ነው።

ጸበልም አትከልክሉ፤ መድኃኒቱን ግን ይዛችሁ ሂዱ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ፣ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በይፋ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕመም የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለ ፈተና ጥቂት ልበል። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያ ሁሉ ልጅ አዝኗል፤ አብዛኛውም ተነሥቶ ኑሮውን ቀጥሏል። ፈተና ብቻውን ሰው አይገድልም። ድባቴ ላለበት ልጅ ግን ውጤቱ «እኔ ሸክም ነኝ» ለሚለው ሐሳቡ ማስረጃ ሆኖ ይታየዋል። በዚያ ሳምንት ስለ ጎረቤት ልጅ ውጤት ባናወራ ምን ይቀርብናል?

እንግዲህ መጠየቅ አለብን። ብትጠይቁት ሐሳቡን የምትጨምሩበት ይመስላችኋል፤ ጥናቶች ደጋግመው ያሳዩት እንደማይጨምር ነው። አጠያየቁ ግን ይወስናል። «መቼም እንዲህ ያለ ነገር አታስብም፣ አይደል?» ብሎ የጠየቀ ወላጅ መልሱን ራሱ ሰጥቷል፤ ልጁ «አላስብም» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። «ልጄ፣ መሞትን ታስባለህ? ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» በሉት፤ ከዚያም ዝም በሉ። አዎ ካለ አትቆጡ፣ አታልቅሱበት፣ ወዲያው ስለ ኃጢአት አትስበኩት። «እንኳን ነገርከኝ» በሉት። አብራችሁት ሁኑ፤ መድኃኒቱንና የቤት ውስጥ ኬሚካሉን ከእጁ አርቁ፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት። ከዚህ ቁልቁል በቸርችል ጎዳና ጥቁር አንበሳ አለ፣ ዘውዲቱ አለ፣ አማኑኤል አለ። ሁኔታው አጣዳፊ ከሆነ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

ፖሊስን ፈርተው የሚደብቁ ቤተሰቦች አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 542 የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋውን ወይም የረዳውን ነው፤ ሞክሮ የተረፈውን አይደለም። ስለዚህ ለሐኪም እውነቱን ተናገሩ፤ «ወድቆ ነው» ስትሉን የምናክመው የተሳሳተ ነገር ነው።

በመጨረሻ ወደ እናንተ ወደ ወጣቶቹ። ጓደኛችሁ «ባልኖር ይሻል ነበር» ብሎ ከነገራችሁና «ለማንም እንዳትናገር» ብሎ ካስማላችሁ፣ ያን መሐላ አትጠብቁ። ቢቀየማችሁ ይቀየማችሁ፤ ለትልቅ ሰው ንገሩ። ሐሳቡ ያለው በእናንተው ውስጥ ከሆነም፣ ይህ ሕመም እንደሚታከምና ሐሳቡም ከሕመሙ ጋር እንደሚያልፍ በየቀኑ የማየው ነገር ስለሆነ እመኑኝ። ሁለት ባልደረቦቼ ከዚህ አዳራሽ በስተቀኝ ባለው ክፍል እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ይቆያሉ። ስም አይጠይቁም፤ ከወላጅ ጋርም ብቻችሁንም መግባት ትችላላችሁ።