ጥቁሩ አንገትጌ

የተከበራችሁ መምህራን፣ የሕግ ተማሪዎች፣ እናቶችና እህቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ደሴ ውስጥ ዳንቴል የሌለበት ሳሎን ማግኘት ይከብዳል። ሶፋው ላይ አለ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ አለ። ዛሬ የማወራው ግን ዳኛ አንገት ላይ ስለዋለ ዳንቴል ነው።

ሩት ቤደር ጊንስበርግ እ.ኤ.አ. በ1993 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ሆኑ። ከእሳቸው በፊት እዚያ የተሾሙት ሴት ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ብቻ ነበሩ። የዳኛ ካባው የተሰፋው ለወንድ ነው፤ ሸሚዝና ክራቫት እንዲታይበት። ሁለቱ ሴቶች ክፍቱን ቦታ በሴት አንገትጌ ሞሉት።

ጊንስበርግ ደግሞ አንገትጌውን አናገሩት። የአብላጫውን ውሳኔ ሲያሰሙ ረዳቶቻቸው የሰጧቸውን ወርቃማውን፣ በሐሳብ ሲለዩ ጥቁሩን ያጠልቁ ነበር። (ዳኛ በልብሱ ይናገራል እንዴ የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ወድጄላቸዋለሁ።)

ከአንገትጌው በላይ የሚገርመኝ ቢሯቸው የሰቀሉት ወረቀት ነው። ሊሊ ሌድቤተር አላባማ ውስጥ በአንድ ጎማ ፋብሪካ 19 ዓመት ያህል ሠሩ። ደሞዛቸው እኩያ ሥራ ከሚሠሩት ወንዶች ያነሰ ነበር። ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2007 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ለ4 ፈረደባቸው፤ በ180 ቀን ውስጥ አልከሰሱም ተባሉ። ልዩነቱን ሳያውቁ በምን ይክሰሱ? ጊንስበርግ የልዩነት ሐሳባቸውን ችሎት ላይ ድምፃቸውን አውጥተው አነበቡ። ሕጉን ማስተካከል የምክር ቤቱ ፈንታ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ሕጉ ተቀየረ። ቅጂው ፍሬም ገብቶ ግድግዳቸው ላይ ወጣ። በድምፅ ብልጫ የወደቀ ሐሳብ ሕግ ሆነ ማለት ነው። ተማሪዎች፣ ይቺን ያዙልኝ።

ወደ እኛ ስንመጣ፣ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰቡ አለቃ ባል ነበር። ይህ በ1992 ዓ.ም. በፌዴራሉ፣ በ1995 ደግሞ በአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ ቀረ። ሴት የሕግ ባለሙያዎች ብዙ ተሟግተውበታል። ከእነሱ አንዷ ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከኩታበር ወይ ከተንታ የንብረት ክፍፍል ክስ ይዛ የምትመጣ እናት፣ ችሎት ፊት ስትቆም ነጠላዋን አፏ ላይ ታደርጋለች። ድምጿ አይወጣም። «ጮክ በይ!» ትባላለች፤ ጭራሽ ዝም ትላለች። ነገ ዳኛ ስትሆኑ አትቆጧት። ጠጋ ብላ ትናገር። ያለችው ሁሉ ሳይቆራረጥ መዝገቡ ላይ ይስፈር።

አመሰግናለሁ።