እማዬ ያስቆመችኝ ገጽ

እሺ... ገባን። ድምፁ ደህና ነው መሰለኝ። ዛሬ ስለ «ኦሮማይ» ነው የማወራው ብዬ ቃል ገብቼላችሁ ነበር፣ አይደል? «አንድ የአገር ቤት፣ አንድ የቤተሰብ፣ አንድ ደግሞ ምስጢር ያለበት መጽሐፍ ምረጪልን» ያላችሁኝን አልረሳሁም። ዝርዝሩ ፊቴ ነው። «አደፍርስ» አለ፣ «ዴርቶጋዳ» አለ፣ «ኦሮማይ» አለ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» አለ። ግን አንዱ ላይ ተይዤ ቀረሁ። እሱን ሳልተነፍስ ስለ ሌላው ማውራት አቃተኝ።

ማታ ማታ ለእማዬ እንደማነብላት ታውቃላችሁ። አሁን የያዝነውን የመረጠችው እሷ ናት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን የምታውቀው በሬዲዮ ነው፤ ወጋየሁ ንጋቱ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው። መጽሐፉን በእጇ ይዛ አንብባው አታውቅም። ያ ድምፅ ጆሮዋ ላይ ስለቀረ እኔን ታርመኛለች። «ጉዱ ካሣ እንዲህ አይቸኩልም፣ ቀስ በይ።» ፊታውራሪ መሸሻ ጋ ስደርስ ደግሞ «ቆጣ በይ እንጂ!» ትለኛለች። እኔም ቆጣ እላለሁ። አትረካም። ወጋየሁን ማን ይተካዋል፣ እሱስ እውነቷን ነው።

ጎጃምን ረግጣው አታውቅም። ማንኩሳን ግን ኖራበት የወጣች ነው የሚመስላችሁ። ስለ ሰዎቹ ስታወራ ዘመድ ማማት ነው የያዘችው። የአገር ቤት ልብ ወለድ ሲባል እኔ ይሄን ነው የምፈልገው፤ ያላየሽውን አገር ሰው ሰው እስኪሸትሽ ድረስ። ሀዲስ አለማየሁ እንዶዳም ተወልደው፣ ቅኔውን ራሳቸው ተምረው፣ ጣልያን አገር ታስረው፣ አምባሳደርም ሚኒስትርም ሆነው፣ ከዚያ ሁሉ በኋላ በ1958 ያሳተሙት መጽሐፍ የማንኩሳና የዲማ ነገር ነው። ይሄ ሁሌ ይገርመኛል። ያን ሁሉ ዓለም አይተው... ብቻ ይሄ ለብቻው አንድ ቀን ይፈልጋል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ውድነሽ በጣሙ ልጇን የተሳለችበት ቦታ ደረስን። የበዛብህ እናት። በዛብህ የስለት ልጅ አይደል? ገና ምኑንም ሳያውቅ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል፤ አያገባም ማለት ነው። እያነበብኩ ነው። እማዬ የነጠላዋን ጥለት ጫፍ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች፣ ደግሞ ትጠቀልላለች፤ ስትሰማ እንዲህ ነው የምታደርገው። እና እጇ ቆመ። ጥለቱ ግማሽ ድረስ እንደተጠቀለለ ቆመ። «እዚህ ጋ ቆዪ» አለችኝ።

ቆምኩ። ደክሟት ነው ብዬ ነበር። ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እሷ ምን ታድርግ? ሌላ የምትሰጠው ምን ነበራት?» የምትናገረው ለእኔ አልነበረም። እኔ ደግሞ፣ ታውቁኛላችሁ፣ ወዲያው ክርክር ጀመርኩ። «ልጁስ? እሱን ማን ጠየቀው?» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። ረጅም ነው ያየችኝ። «አንቺ ልጅ ሲታመምብሽ አላየሽም» አለች። ቀጥላም፣ ትንፋሿን እንኳ ሳትሰበስብ፣ «ወንድምሽ ዛሬ ደወለ?» አለችኝ።

ይኸው ነው። ሌላ አልተባለም። «አልደወለም» አልኩ። «ይደውላል» አለች። መጽሐፉን ዘጋን።

እኔ ግን ከዚያ ማታ ጀምሮ እሱን ነው የማመላልሰው። ሁለቱን ነገር ለምን አያያዘቻቸው? ወይስ አላያያዘችም? እናት ናት፣ ልጅ ሲነሳ ልጇ ትዝ አላት፣ በቃ። እንዲህ እላለሁና ትንሽ ቀለል ይለኛል። ከዚያ ደግሞ ቁልቢ ይመጣብኛል።

ቁልቢ ትሄድ ነበር። ታኅሣሥ 19 ሊደርስ ሲል ቤታችን ውስጥ አንድ ዝግጅት አለ፤ ጃንጥላው፣ ጧፉ፣ የመንገድ ስንቁ። ልጆች ሆነን «ምን ተስለሽ ነው?» ስንላት «የኔና የገብርኤል ነው» ትለናለች። እኛም እንስቃለን። ብዙ ሰው ነው የሚሄደው፤ ልጅ ያገኘ አለ፣ ከበሽታ የተነሳ አለ፣ ስለቱን ተሸክሞ ያን ዳገት በእግሩ የሚወጣ አለ። የእናቴ ስለት ከእነሱ ስለት የተለየ ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ወንድሜ ሕፃን ሆኖ ክፉኛ ታሞ እንደነበረ ግን ሁላችንም እንሰማለን። አክስቶቼ «የተመለሰ ልጅ ነው» ይሉታል። ባለ ሻንጣውን ማለቴ ነው፤ እናንተ የምታውቁትን፣ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለትን።

አሁን ይሄን ልበለው ወይስ ልተወው... እሺ። እኔን «መቼ ነው የምታገቢው» እያለች ስንት ዓመት ስታስጨንቀኝ ሰምታችኋል። እዚሁ ማይክ ላይ ገብታ ሁሉ ጠይቃኛለች። እሱን ግን አንድም ቀን ስትጠይቀው አልሰማሁም። አንድም ቀን። ከእኔ ብዙ አያንስም፣ ሥራ አለው፣ ምን ጎድሎት? ወንድ ስለሆነ ነው እል ነበር። አሁንም ሊሆን ይችላል። መጽሐፍ ሕይወት ላይ ሲለጠፍ ደስ አይለኝም፣ ስንት ጊዜ ተናግሬአለሁ። የሰው እናት ውድነሽ አይደለችም፤ የሰው ወንድምም በዛብህ አይደለም። ግን እጇ ቆመ እኮ።

ለዚህ ነው «ኦሮማይ»ን አንስቼ መልሼ ያስቀመጥኩት። «ምስጢር ያለበት» ላላችሁኝ የመረጥኩላችሁ እሱን ነበር። አስመራ አለ፣ ጦርነቱ አለ፣ ጋዜጠኛው ጸጋዬ አለ፣ ፊያሜታ ጊላይ አለች፣ ሰው ማን ለማን እንደሚሠራ አይታወቅም። ግን «ምስጢር» ብዬ ስጽፍ እጄ አልሄድ አለኝ። መጽሐፉ በ1975 ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። እኛ አንባቢዎች ይሄንን ምስጢር እንለዋለን፣ ቡና እየጠጣን እንከራከርበታለን፣ አንዱ የሰማውን ሌላው ያፈርሳል። ለዚያ ቤት ግን አባት ነው የቀረው። በር በተንኳኳ ቁጥር የሚደነግጥ ቤት ነው። ይሄንን ከ«ዴርቶጋዳ» ጋር በአንድ ረድፍ እንዴት ላስቀምጠው? «ዴርቶጋዳ»ን እወደዋለሁ፣ ይስማዕከ ጣናን ገዳማቱንና ሳይንቲስቶቹን ይዞ ሲያስሮጠኝ አንድ ሌሊት ያለ እንቅልፍ አሳድሮኛል፤ ግን እዚያ መጨረሻ ገጽ እንዳለ አውቄ ነው የምሮጠው። የሚፈታ ነገር ነው። ሌላው ግን...

ምን ልል ነበር? አዎ። ልጠይቃት ወይ ነው። ብጠይቃት ትነግረኝ ይሆናል። ከነገረችኝስ በኋላ? ለእሱ እነግረዋለሁ? የእሱ ነገር ከሆነ የማወቅ መብቱ የእሱ ነው፣ ይሄን አምናለሁ። በሌላ በኩል፣ አንዲት እናት የታመመ ልጅ ታቅፋ በጨለማ የተናገረችውን እኔ ምን አግብቶኝ ነው የማወጣው? «እሱን ማን ጠየቀው» ብዬ የተከራከርኳት ነገር አሁንም ትክክል ይመስለኛል። እሷም ትክክል ናት። ሁለቱንም ሳስባቸው አንዱ ሌላውን አያሸንፍልኝም። ያናድዳል። እውነቴን ነው፣ ሰሞኑን ዝም ብዬ ብስጩ ሆኛለሁ።

አንዳንዴ «አደፍርስ»ን ልጀምርላት እላለሁ። እዚያ ሸዋ፣ አርማንያ ሁሉም ሰው ያወራል፣ ይሟገታል፣ ወይዘሮ አሰጋሽ አለች፤ እማዬ ከእሷ ጋር ስትጣላ ይታየኛል። ያንን ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ግን ትናንት ራሷ ናት «ያን መጽሐፍ አምጪው፣ ለምን አቆምሽ?» ያለችኝ። ያስቆመችኝ እሷ!

ከፊታችን ያለው ደግሞ ይብሳል። ሰብለ ወንጌል ትመጣለች፣ ያ ስለት ደግሞ መሀል ይገባል። እማዬ ይሄን ታውቃለች። መጨረሻውንም ታውቃለች፣ በዛብህ፣ ሰብለና ጉዱ ካሣ ሦስቱም አንድ መቃብር እንደሚገቡ። አውቃው ነው «አንብቢልኝ» የምትለኝ። ምናልባት ወጋየሁ ናፍቋት ነው፣ ወጣትነቷ ናፍቋት። ምናልባት እኔ ደርሼ እንድጠይቃት ነው። የመጀመሪያው ቢሆን ይሻለኛል። ወይም... አይ፣ አሁን ሳስበው እሱም ይከፋኛል መሰለኝ።