አብረን ገባን፣ አብረን እያረጀን ነው
(በጀሞ ኮንዶሚኒየም በአንድ ዕድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በዕድሩ ጸሐፊ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የዕድራችን አባላት፣ አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

በእጄ የያዝኩት የዕድራችን መዝገብ ነው። ባለፈው ሳምንት የዓመቱን ሒሳብ ልዘጋ ስቀመጥ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት «የሟች ዝምድና» በሚለው ዓምድ ሥር የተጻፈው ተመሳሳይ ነው፤ የአባል አባት፣ የአባል እናት፣ የአባል አያት። ያኔ ድንኳን ተክለን ያስተዛዘንነው ወላጁን ጎጃም ወይም ወሎ ቀብሮ የተመለሰ ጎረቤታችንን ነበር። የቅርቦቹን ገጾች ስገልጥ ግን እየበዛ የመጣው «አባሉ ራሱ»፣ «የአባል ባለቤት» የሚል ነው። ሐዘኑ ከሩቅ አገር ተነሥቶ ደረጃችን ላይ ደርሷል።

ወደዚህ መንደር የገባነው በዕጣ፣ በአንድ ሰሞን ነው። በአንድ ቀን እንደተዘራ ማሳ አብረን በቀልን፣ አብረን እያሸትን ነው። ፒያሳ ወይም ጉለሌ ባለ አሮጌ ግቢ ውስጥ አያትም፣ ሙሽራም፣ አራስም ጎን ለጎን ይኖራሉ፤ አንዱ ሲያረጅ ሌላው ይተካል። እኛ ጋ ግን አንድ ሰሞን በየብሎኩ ገመድ ላይ የሚሰጣው ሁሉ የሕፃን ጨርቅ ነበር። የዚያ ጨርቅ ባለቤቶች ዛሬ በቁመት በልጠውናል። በ1997 ዓ.ም. በአርባ ዓመታቸው ለቤት የተመዘገቡትም ዛሬ ስልሳ ሞልቷቸዋል፤ ጡረታ ማለት ነው። እኛ እንኳ ቶሎ ደርሶናል። የካ አባዶ ላይ አስር ዓመት ያህል ጠብቀው ቁልፍ የተረከቡ አሉ።

ተተኪውም እንደ ድሮው አይበዛም። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት በአገር ደረጃ አንዲት ሴት በአማካይ 4.6 ልጅ ስትወልድ፣ የአዲስ አበባዋ የምትወልደው 1.8 ነው።

ወጣት ጠፋ ማለቴ አይደለም። አምስት ዓመቱ የመሸጥ እገዳ ካለፈ በኋላ ብዙ ባለዕጣ ሸጧል፣ ብዙውም አከራይቷል። አዲስ ተጋቢዎች በየወለሉ አሉ። ግን ተከራይ ናቸው፣ ዕድራችን ውስጥ የሉም፤ እኛም ግቡ ብለን አልጠየቅናቸውም። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ ዛሬ ቢታረም ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ደረጃው ልምጣ። ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉ እናታችን ታመው መውረድ አቃታቸው። ቃሬዛው መታጠፊያው ላይ አልዞር አለ። በፕላስቲክ ወንበር አስቀምጠን፣ በነጠላቸው ከወንበሩ ጋር አስረን፣ ሁለታችን ከላይ ሁለታችን ከታች ሆነን አወረድናቸው። በየወለሉ ቆመን ትንፋሽ ስንወስድ «ልጆቼ፣ ወገባችሁን!» ይሉን ነበር። ወንበሩን ከያዝነው አራት ሰዎች ሦስታችን ሃምሳን አልፈናል። እናታችን አሁን ደህና ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን መሳለም ግን ትተዋል። መውረዱን ይችሉታል፣ የከበዳቸው መልሶ መውጣቱ ነው። ውኃ ወደ ላይ በማይወጣበት ቀንስ ጀሪካኑን ማን ያወጣላቸዋል?

ጃፓኖች ይህን ቀድመውን አይተውታል። ከቶኪዮ በስተምዕራብ ታማ ኒው ታውን የሚባል ከተማ አለ። ነዋሪ መግባት የጀመረው በ1971 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ብዙዎቹ ሕንፃዎች እንደ እኛዎቹ ባለ አምስት ወለል፣ አሳንሰር የሌላቸው ነበሩ። የገቡት ወጣት ባልና ሚስቶች ናቸው። ልጆቹ አድገው ሲሄዱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ ወላጆቹ ፎቅ ላይ ቀሩ። ሱዋ በሚባለው ሰፈር ነዋሪዎቹ ከብዙ ዓመት ክርክር በኋላ ተስማምተው 640 ቤቶች የነበሩባቸውን ሕንፃዎች አፈረሱ፤ በምትካቸው አሳንሰር ያላቸው ሕንፃዎች ተሠርተው በ2013 እ.ኤ.አ. ተጠናቀቁ። አፍርሶ መሥራት ከአቅማችን በላይ ነው። ቀድሞ መነጋገር ግን አይደለም።

እኔ የምጠይቀው ትንሽ ነው። በደረጃው በሁለቱም በኩል የብረት መደገፊያ ይበየድ፤ የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደረጃውን የሁላችን የጋራ ንብረት ስላደረገው፣ ምድር ላይ የሚኖረውም ያዋጣል። ካርታ ሳይነካ፣ በኪራይ ውል ብቻ፣ ላይ ያሉ አዛውንት ታች ካለ ወጣት ቤተሰብ ጋር ቤት እንዲለዋወጡ ዕድሩ ያገናኝ፣ ይዋስም። የምድር ቤቶቹ ብዙዎቹ በጨረታ ሱቅ ሆነው ስለተሸጡ ለሁሉም አይዳረስም፤ ስለዚህ ማን ይቅደም የሚለውን ማወቅ አለብን።

ለዚህ ደግሞ ቆጠራ ያስፈልጋል። አገራችን ሕዝቧን ለመጨረሻ ጊዜ የቆጠረችው በ1999 ዓ.ም. ነው። ያኔ እነዚህ ብሎኮች ሰው አልገባባቸውም። እዚህ ቤት ውስጥ ሆነን አንድ ጊዜ እንኳ ተቆጥረን አናውቅም።

ቅጹ በሩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። የየብሎኩ ተጠሪ ዛሬ ይውሰድ። ከአራተኛ ፎቅ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ ተከራዩንም ባለቤቱንም ጻፉ፣ ከስም ጋር ዕድሜም ይኑር። ዕድሜያቸውን በትክክል የማያውቁ እናት ካጋጠሟችሁ የበኩር ልጃቸውን ዕድሜ ጠይቁ። የሚቀጥለውን ወር መዋጮ ስትከፍሉ ቅጹን ከእናንተ እረከባለሁ።