ቦሌን ካለፉ በኋላ ሕጉ ማንን ይይዛል?

[ምስል፦ ከመስቀል አደባባይ ሽቅብ የሚወጣው የዳግማዊ ምኒልክ ጎዳና]

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ይህን መንገድ የማያውቅ አዲስ አበቤ የለም። አፍሪካ አዳራሽን አልፈን፣ ብሔራዊ ቤተ መንግሥትን አልፈን፣ ከፍ ስንል ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር አለ። አረብ አገር ስላሉት እህቶቻችን የሚደረገው ድርድር አንድ እግሩ እዚህ ሰፈር ነው።

ድርድር የምለው ሌላ ነገር ስለሌለ ነው። ሪያድ ያለች ልጅ ደሞዟን ብትከለከል፣ የኢትዮጵያ ፖሊስ የማዳሟን በር አያንኳኳም። የኛ ፍርድ ቤት መጥሪያ እዚያ አይደርስም። ሁለቱ መንግሥታት የተፈራረሙት ነገር ከሌለ የሚቀረው ልመና ነው።

[ምስል፦ ክፍት ባሕር፣ ዓሣ አስጋሪ መርከብ]

አሁን ወደ ባሕር እንሂድ። ወደብ የለን፣ የመርከብ ዓሣ አጥማጅ ምን አገባን ትሉ ይሆናል። ያገባናል። የታይዋንን ባንዲራ በሰቀለ መርከብ ላይ የሚሠራ ኢንዶኔዥያዊ አስቡ። በዓለም አቀፉ የባሕር ሕግ መሠረት፣ ክፍት ባሕር ላይ መርከቡን የሚያዝዘው ባንዲራው የተሰቀለለት አገር ነው። የልጁ አገር መርከቡ ላይ ወጥቶ መፈተሽ አይችልም። ልጁ ለወራት መሬት ላይረግጥ ይችላል። ፓስፖርቱ ብዙ ጊዜ ካፒቴኑ ጋ ነው። የሚሠራበትም የሚተኛበትም ያው መርከብ ነው።

የቤት ሠራተኛዋም እንዲሁ ናት። የምትሠራበት ቤት የምትተኛበት ነው፤ ፓስፖርቷ ብዙ ጊዜ ስፖንሰር አሠሪዋ («ከፊሏ») ጋ ነው፤ ተቆጣጣሪ አይገባም። ለዚህ ነው ሁለቱን አንድ ላይ የማነሳቸው።

የባሕር ሠራተኞች ሁሉ እኩል አይጠበቁም። ባሕር ዳር ከተማ ሠልጥነው በውጭ ጭነት መርከቦች የሚሠሩ ልጆች አሉን። የእነሱን ዓይነት ሥራ እ.ኤ.አ. የ2006ቱ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት ይሸፍነዋል። ዓሣ አስጋሪ መርከቦችን ግን በግልጽ ይተዋቸዋል። ለነሱ ሌላ ስምምነት በ2007 ወጣ፤ ሥራ ላይ የዋለው ግን በ2017 ነው። አሥር ዓመት! ከእስያ መጀመሪያ ያጸደቀችው ታይላንድ ናት፣ በ2019።

[ምስል፦ የፊሊፒንስና የታይዋን ካርታ]

ሠራተኛው ራሱ የመንግሥታት ጠብ መሣሪያ የሚሆንበትም ጊዜ አለ። በግንቦት 2013 እ.ኤ.አ. የፊሊፒንስ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች በአንድ የታይዋን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ ላይ ተኩሰው ሰው ገደሉ። ታይዋን ምን አደረገች? አዲስ ፊሊፒናዊ ሠራተኛ መቅጠር አገደች። ማኒላ በይፋ ይቅርታ ጠይቃ እገዳው እስኪነሳ ወደ ሦስት ወር ፈጀ። ተኩሱን ያላየ፣ ያልሰማ ሥራ ፈላጊ ዕዳውን ከፈለ።

ፊሊፒንስ ራሷም እገዳን ትጠቀማለች። በ2018 እ.ኤ.አ. አንዲት ፊሊፒናዊት ኩዌት ውስጥ ተገድላ ስትገኝ፣ ዜጎቿ ለሥራ ወደዚያ እንዳይሄዱ ከለከለች። በግንቦት ግን ስምምነት ተፈረመ። አሠሪ ፓስፖርት እንዳይቀማ፣ ስልክ እንዳይከለክል የሚል ቃል ገባበት። እገዳው አጭር ነበር፤ የሚጠየቀውም ነገር የታወቀ ነበር።

የኛስ? በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ሕጋዊ ወረቀት የሌላቸውን ስታባርር፣ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ዜጎቻችን ተመለሱ። በዚያው ዓመት ወደ አረብ አገር ለሥራ መሄድ ታገደ። እገዳው ከአራት ዓመት በላይ ቆየ። ሰው መሄዱን አቆመ? አላቆመም፤ በጅቡቲ አድርጎ በጀልባ ወደ የመን ተሻገረ። በኔ እይታ ያ እገዳ የጠቀመው ደላላውን ነው።

[ምስል፦ የአዋጅ ገጽ]

ከእገዳው ይልቅ የተሻለው ሥራ በአዋጅ ቁጥር 923/2008 ውስጥ አለ። በኋላ በ1246/2013 ተሻሽሏል። የ2008ቱ አዋጅ ሠራተኛ የሚላከው የሁለትዮሽ ስምምነት ወዳለበት አገር ነው ይላል። ቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢንሹራንሱን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ኤጀንሲው ደግሞ 100 ሺህ የአሜሪካ ዶላር ወይም ተመጣጣኙን እንዲያስይዝ የ2008ቱ አዋጅ አስገድዷል። ይቺን ነጥብ እወዳታለሁ። ማዳሟን መያዝ ካልተቻለ፣ እዚህ ቢሮ ከፍቶ የሚሠራውን መያዝ ይቻላል።

ቆንስላስ? እ.ኤ.አ. የ1963ቱ የቪየና ስምምነት፣ የታሰረ የውጭ ዜጋ ቆንስላው እንዲነገረው መጠየቅ ይችላል ይላል። ግን ቆንስላም አቅሙ ያለው ሰውና ገንዘብ ያህል ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የሊባኖስ ኢኮኖሚ ሲወድቅ፣ አሠሪዎች የኛን ልጆች ቤይሩት ቆንስላችን በር ላይ እያወረዱ ጥለዋቸው ሄዱ። ልጆቹ አስፋልት ዳር አደሩ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልበል፤ ደስ አይልም። የሳዑዲ ዋና የሠራተኛ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም፣ በሌላ ደንብ ነው የምትተዳደረው። የኛው አዋጅ 1156/2011ም አይጨምራትም። ቦሌም ሆነ ፒያሳ ሰው ቤት የምትሠራው ልጅ በዋናው ሕጋችን ውስጥ የለችም። ተደራዳሪያችን ጠረጴዛው ላይ ይህ ቢነሳበት ምን እንደሚመልስ አላውቅም።

[ምስል፦ የሥራ ውል፣ በቅርበት]

አሁን ልትሄዱ ያሰባችሁ ካላችሁ፦ «በቱሪስት ቪዛ ግቢና እዚያ ይቀየርልሻል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ስምምነቱም፣ ኤጀንሲው ያስያዘውም ገንዘብ አይከተላችሁም። በሕጋዊው መንገድ ከሆነ ውሉን ሳታነቡ አትፈርሙ። የውሉንና የኤጀንሲውን ፈቃድ ፎቶ ቤተሰብ ጋ ተዉ። ደሞዝ ቢቀር ወይም ውሉ ቢጣስ ቤተሰብ እዚሁ አዲስ አበባ አቤቱታ ማቅረብ የሚጀምረው በነዚያ ወረቀቶች ነው፤ ለውሉ መጣስ ኤጀንሲው ከውጭው አሠሪ ጋር አብሮ ተጠያቂ ነውና።