አምስተኛውን አንብቢልኝ

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ዛሬ ሐሙስ ማታ ነው፣ ልጄ ተኝቷል፣ እኔ ቁም ሳጥኑን ከፍቼ አንገቴን ልብሶቹ መሃል አስገብቼ ነው የምቀዳው፣ አንድ ኤዲት የሚያደርግልኝ ልጅ ልብስ ድምፅ ይውጣል ስላለኝ፣ እና አሁን የባሌ ጃኬት አፍንጫዬን እየነካኝ ነው የማወራችሁ። ባለፈው የእቁባችንን ጉድ እጨርስላችኋለሁ ብዬ ነበር፣ እሱ ይቆየን፣ ሰሞኑን ሌላ ነገር ነው ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው።

አዲስ ለሆናችሁ፣ እኔ ካቶሊክ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ካቶሊክ ነኝ ስትሉ ሰው የሚጠይቃችሁ ሁለት ነገር ነው። አንዱ «ካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው እንዴ የተማርሽው?»፣ ሌላው «እናንተ ትጾማላችሁ እንዴ?»። አይፈረድም፣ በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ 0.7 በመቶ ነን፣ ከመቶ ሰው አንድ እንኳን አንሞላም፣ ትምህርት ቤቶቻችንን የሚያውቀው ሰው እኛን ከሚያውቀው ይበልጣል።

እና አዎ፣ እንጾማለን። የግዕዝ ሥርዓት የምንከተለው፣ ማለት ቅዳሴያችን እንደ ኦርቶዶክሶቹ በግዕዝ ትውፊት የሆነው ካቶሊኮች፣ ሁዳዴያችን ከኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ጋር ነው የሚገባው፣ ዘንድሮ የካቲት 9 ሰኞ ገባ፣ የእሁዶቹም ስም ያው ነው፣ ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ ባለፈው እሁድ ደግሞ መጻጉዕ ነበር፣ እሱ ላይ እመለሳለሁ። የባሌ ቤተሰቦች ግን ከወላይታ ሶዶ ናቸው፣ እዛ ላቲን ሥርዓት ነው፣ የሮሙ፣ አማቴ ጾም ሲባል መጀመሪያ የሚመጣባቸው ግንባር ላይ የሚቀባው አመድ ነው፣ እኔ ደግሞ የሚመጣብኝ ከበሮው ዝም ማለቱ ነው፣ አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ሥርዓት ይዘን እንኖራለን። ሮም ዘንድሮ ፋሲካን የሚያከብሩት መጋቢት 27 ነው፣ እኛ በዛ ቀን ገና ሆሳዕና ላይ ነን፣ ዘንባባ ጣታችን ላይ ጠምጥመን። አምና ግን አንድ ላይ ዋለ፣ ሚያዝያ 12፣ በማግስቱ ደግሞ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ አረፉ። እኔ ዜናውን የሰማሁት ዶሮ እየበላሁ ስልኬ ላይ ነው፣ እና ታውቃላችሁ ምን አሰብኩ፣ ሰውዬው ዊልቸር ላይ ሆነው በፋሲካ ቀን በረንዳው ድረስ ወጥተው ሕዝቡን ባረኩ፣ እኔ ደግሞ ሁለት እግር ይዤ የሌሊቱን ቅዳሴ በእንቅልፍ አሳለፍኩት።

ማለት፣ እጾም ነበር እኮ። ችግሩ እሱ አይደለም። ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ሁሉ ነገር በደንቡ። ግን የአሁኑን የአዲስ አበባ ጾም ታውቁታላችሁ፣ የጾም ማኪያቶ አለ፣ የጾም በርገር አለ፣ የጾም ኬክ አለ፣ እኔ እንዲያውም የጾም ፒዛው ከፍስኩ ይሻለኛል። ሜኑ ቀየርኩ እንጂ ምንም አልቀየርኩም። አባቴ ከሞተ በኋላ ቤተክርስቲያን የምሄደው ገና እና ፋሲካ፣ በቃ፣ እሱም በሩ አጠገብ ቆሜ፣ «ሂዱ በሰላም» ሳይባል ቀድሜ ነው የምወጣው። ለቅሶው ላይ አንድ ካህን የተናገሩኝ ቃል ነበር፣ ስም አልጠራም፣ ምናልባት ደክሟቸው ይሆናል፣ ግን ያን ቃል ይዤ ዘጠኝ ዓመት ኑዛዜ ሳልገባ፣ ማለት ኃጢአቴን ለካህን ሳልናገር ተቀመጥኩ። ኩርፊያ ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

እሺ አሁን ወደ አርቡ። የመጀመሪያው የጾም አርብ፣ ከሥራ ወጥቼ፣ አስራ አንድ ተኩል አካባቢ፣ የታክሲ ሰልፍ አትጠይቁኝ፣ እስከ መብራቱ ድረስ ነው። እና እውነቱን ልናገር፣ አትሳቁብኝ፣ ሽንቴ መጥቶ ነው። ካፌ ብገባ የግድ ማዘዝ አለብኝ፣ ቤተክርስቲያናችን ደግሞ ከሰልፉ ሁለት ደቂቃ ናት፣ ጊቢው ውስጥ ከአዳራሹ ኋላ ሽንት ቤት እንዳለ ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ ገባሁ፣ ጨረስኩ፣ እጄን ቀሚሴ ላይ እየጠረግኩ ልወጣ ስል አንዲት እማማ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሩ ላይ ቆመዋል፣ እጃቸው ላይ ፎቶ ኮፒ የተደረገ፣ ጠርዙ በላብ የጠቆረ ቡክሌት። «የእገሌ ልጅ አይደለሽም?» አሉኝ፣ ነኝ አልኩ፣ «በይ ነይ፣ መነጽሬን ቤት ረስቼ መጣሁ፣ አምስተኛውን አንብቢልኝ»። እማማ ታክሲ ልይዝ ነው ልል ነበር፣ አፌ ውስጥ ቀረ፣ ክንዴን ይዘውኛል፣ እንደ ፖሊስ።

ፍኖተ መስቀል ነበር። ለማታውቁት፣ በጾም በየአርቡ ጌታ ከተፈረደበት ጀምሮ እስከተቀበረበት ያለውን መንገድ እያሰብን አስራ አራት ቦታ የምንቆምበት ጸሎት ነው፣ ግድግዳው ላይ አስራ አራት ሥዕል አለ፣ ሕዝቡ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል፣ ይንበረከካል፣ አንድ ሰው ያነባል፣ «በቅዱስ መስቀልህ ዓለምን አድነሃልና» ይባላል፣ ይነሳል፣ ቀጣዩ ጋ ይሄዳል። ከላቲኖቹ የመጣ ነው፣ አስራ አራት ሆኖ የጸናው በ1731 እ.ኤ.አ. በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ 12ኛ ጊዜ ነው። እኛ ጋ ታዲያ ይሄ ነገር ትንሽ ያከራክራል፣ የቫቲካን ሁለተኛው ጉባኤ በ1964 እ.ኤ.አ. እንደ እኛ የምሥራቅ ሥርዓት ያላችሁ ወደ አባቶቻችሁ ትውፊት ተመለሱ ብሎናል፣ የያሬድ ጾመ ድጓ፣ የራሳችን የጾም ዜማ እያለን ምን አስኬደን የሚሉ የኛ ወጣቶች አሉ፣ ጎበዞች ናቸው፣ እኔም በክርክሩ ደረጃ ከነሱ ጋር ነኝ። ግን ክርክሩን ለእማማ ሂዳችሁ ንገሯቸው።

አምስተኛው ሥዕል ጋ ስንደርስ ቡክሌቱን ገለጥኩት። የቀሬናው ስምዖን። ታሪኩን ታውቁታላችሁ፣ ማርቆስ ላይ አንድ መስመር ናት፣ ሰውዬው ከገጠር ሲመጣ በዛ በኩል ሲያልፍ ወታደሮቹ ይዘው መስቀሉን አሸከሙት። መንገድ አላፊ ነው! ሊጸልይ አልመጣም፣ ደቀ መዝሙር አይደለም፣ ማንም ትፈልጋለህ ወይ ብሎ አልጠየቀውም፣ አስገደዱት ነው የሚለው። እና እኔ እጄ ገና በደንብ ያልደረቀ ሰውዬ፣ ማለቴ ሴትዮ (ሳቅ)፣ ይሄን ጮክ ብዬ አነባለሁ። ድምፄ መሃል ላይ ተያዘ። ለቅሶ አልነበረም፣ መጀመሪያ ሳቅ ነው የመጣብኝ፣ ከዛ ሳቁን ልውጥ ስል ሌላ ነገር ሆኖ ወጣ። እማማ ጀርባዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ አጽናኑኝ ብዬ ስጠብቅ «ጮክ በይ፣ ኋላ ያለው አይሰማም» አሉኝ።

ያን ቀን ታክሲ ያገኘሁት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እና ሙሉ መንገዱን ያሰብኩት ስለ ስምዖን ሚስት ነበር፣ ቤት ስትጠብቀው፣ «የት ቆየህ?» ስትለው ምን ብሎ መለሰላት?

እኔ መታደስ የሚባለውን ነገር ሁሌ የማስበው ከራሴ የሚወጣ ነገር አድርጌ ነበር። ማለት አንድ ቀን እወስናለሁ፣ ሱባኤ እይዛለሁ፣ ስልኬን አጠፋለሁ፣ ከዛ ሌላ ሰው ሆኜ እወጣለሁ። በየዓመቱ በየካቲት ይሄን እወስናለሁ፣ በየዓመቱ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ያልቃል። ዘንድሮ ምንም አልወሰንኩም። ተያዝኩ እንጂ። በሁለተኛው አርብ የሄድኩት እምነቴ ጨምሮ እንዳይመስላችሁ፣ እማማ በር ላይ ቆመው ባያገኙኝ በማግስቱ ለእናቴ ስለሚደውሉ ነው።

ደግሞ ቁምስና፣ ማለት የአካባቢያችን ቤተክርስቲያን ውስጥ ስትገቡ ሁሉ ነገር ቅዱስ ቅዱስ የሚል እንዳይመስላችሁ። ከቅዳሴ በኋላ ያለው ማስታወቂያ ከስብከቱ ይረዝማል፣ ማይኩ ይጮሃል፣ ለጣሪያው እድሳት መዋጮ ያልከፈላችሁ ይባላል፣ መዘምራኑና የሌጊዮ ማርያም ማኅበር እናቶች በአዳራሹ ቁልፍ ምክንያት ሁለት ሳምንት አይነጋገሩም፣ አንድ ኮሚቴ የሌላውን ኮሚቴ የሚከታተል ኮሚቴ አለን። እኔ ሩቅ ሆኜ ይሄ ሁሉ ያናድደኝ ነበር። አሁንም ያናድደኛል፣ ግን አሁን የማን ቁልፍ እንደሆነ አውቃለሁ።

በሦስተኛው አርብ እማማ «ነገ አባ በሽተኛ ሊያቆርቡ ሲሄዱ ሻማ የሚይዝ ሰው የለም» አሉ። ጥያቄ አይደለም ልብ በሉ። የለም አሉ፣ እኔን አዩኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ቤቱ ጠባብ ነው፣ አንድ ክፍል፣ አልጋው ግማሹን ይዞታል፣ አልጋው ላይ አንድ አባት፣ እግራቸው አይንቀሳቀስም፣ ብርድ ልብሱ ላይ ያረፈው እጃቸው ግን ግዙፍ ነው፣ ከሰውነታቸው ጋር አይሄድም፣ አውራ ጣታቸው ላይ ጥፍሩ ለሁለት የተሰነጠቀ። ሻማ ማስቀመጫ ስላልነበረ የሲኒ ማስቀመጫ ሰጡኝ፣ ሰሙ እየቀለጠ ጣቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ አባ ጸሎቱን እስኪጨርሱ አልተንቀሳቀስኩም። ቆረቡ። ዓይናቸውን ጨፍነው ረጅም ጊዜ ዝም አሉ፣ ውጪ ልጆች ኳስ ቆርቆሮ ላይ ይመታሉ። ከዛ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው እኔን አዩና «የት ነው የምትቀመጪው?» አሉኝ። ሰፈሬን ነገርኳቸው። «አይ፣ ቤተክርስቲያን ውስጥ» አሉ። በሩ አጠገብ አልኩ፣ አፈርኩ። «በስተግራ ከኋላ አራተኛው አግዳሚ ይንቀጠቀጣል አይደል?» አሉኝ። አዎ ይንቀጠቀጣል! ከልጅነቴ ጀምሮ የሚንቀጠቀጥ ነው፣ አባቴና እኔ እሱ ላይ ስንቀመጥ እሱ ሆን ብሎ እያወዛወዘ ያስቀኝ ነበር። «እኔ ነኝ የሰራሁት፣ ሁሉንም እኔ ነኝ፣ ያ ግን እንጨቱ ሳይደርቅ ለፋሲካ አድርስ ብለው አጣደፉኝ፣ ተጣመመ፣ አስተካክለዋለሁ ስል ይኸው» አሉና እግራቸውን በዓይናቸው አሳዩኝ።

በማግስቱ እሁድ መጻጉዕ ነው። ወንጌሉ ይነበባል፣ ሰላሳ ስምንት ዓመት የተኛው ሰውዬ፣ ጌታ ልትድን ትወዳለህን ሲለው አዎ ወይ አይ አይልም፣ «ሰው የለኝም» ነው የሚለው፣ ውሃው ሲናወጥ የሚያስገባኝ ሰው የለኝም። እኔ በፊት ይሄን ሰምቼ ሰበብ ይመስለኝ ነበር፣ ሰላሳ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድ ሰው አታጣም እያልኩ። አሁን ሳስበው ግን ጌታ ፊት ቆሞ ማለት የሚቻለው በጣም ትክክለኛ ነገር ነው የመሰለኝ። እኔ ሰው ነበረኝ እኮ፣ መነጽሯን የረሳች።

ያኔ አንድ ሰው ትዝ አለኝ፣ ብፁዕ አባ ገብረሚካኤል፣ የጎጃሙ፣ መነኩሴ፣ ሊቅ፣ ከጣሊያናዊው ሚሲዮናዊ ከቅዱስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ሆኖ ካቶሊክ የሆነ፣ በ1855 እ.ኤ.አ. እግሩ በሰንሰለት እንደታሰረ ከንጉሡ ጦር ጋር ሲጓዝ ታሞ መንገድ ላይ ያረፈ። ልጅ ሆነን ሥዕሉን ስናይ ሰንሰለቱን ነበር የምናየው። አሁን የማስበው ያን ሰንሰለት ከፍ አድርጎ የያዘለት ሰው ነበር ወይ እያልኩ ነው፣ ሲራመድ ቁርጭምጭሚቱን እንዳይበላው። አይጻፍም እንደዚህ ያለ ነገር።

ኑዛዜው፣ ትጠይቁኛላችሁ፣ አዎ ገባሁ፣ ማክሰኞ ዕለት። ምን እንዳልኩ አልነግራችሁም፣ ግን አስር ደቂቃ አልፈጀም፣ ዘጠኝ ዓመት የፈራሁት ነገር። ከፊቴ ሰልፍ ላይ የነበረችው ልጅ ከኔ በላይ ቆየች፣ ምን ሰርታ ይሆን እያልኩ ስጠብቅ ሌላ ኃጢአት ጨመርኩ።

ነገ አርብ ነው። እማማ ዛሬ ደውለውልኝ ነበር፣ መነጽራቸውን አግኝተዋል፣ ግን «ዓይኔን ያመኛል፣ ስድስተኛውን አንቺ» ብለዋል፣ እሱ የጌታን ፊት የጠረገችው የቬሮኒካ ነው፣ ወንጌል ላይ የሌለችዋ፣ ወጣቶቹ ይከራከራሉ። እኔ ግን ቀደም ብዬ ነው የምገባው፣ ሰው ሳይበዛ። ያን አራተኛውን አግዳሚ ባለፈው ለካሁት፣ በቀኝ በኩል ያለው እግሩ ነው ያጠረው፣ ሁለት ጣት አይሞላም። ለጊዜው የጫማ ካርቶን አጥፌ አደርግለታለሁ፣ ደረቅ እንጨት ካገኘሁ ደግሞ እሳቸው ይነግሩኛል እንዴት እንደሚቆረጥ፣ ቅዳሜ እሄዳለሁ ብያለሁ። ውይ፣ ልጁ ተነሳ መሰለኝ። ቻው፣ እቁቡን በሚቀጥለው።